የቀለም ቀንዱን ማን ደፋው

ድመታችን ሌባ ነበረች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ሳለቅስላት ጻድቅ አድርጌያት እንዳይመስላችሁ ነው። ሌማት ከፍታ ትበላለች፤ የጎረቤት ጫጩት አንጠልጥላ ትመጣለች፤ አባቴ ለጸሎት ቆመው ሳለ የገደለችውን አይጥ አምጥታ እግራቸው ሥር ታስቀምጣለች። ስም አላወጣንላትም። እናቴ "አንቺ ቀማኛ" ትላታለች፤ አባቴ "ውሮ" ይሏታል፤ እኔ ደግሞ እንደ ንዴቴ መጠን አፌ ላይ በመጣልኝ እጠራታለሁ።

ቤታችን ላሊበላ ነው፤ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው ዳገት ሲጀምር። አባቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ በእጃቸው ብራና ላይ ይጽፋሉ። ሰው ሁሉ "የኔታ" ይላቸዋል። ብራና የፍየል ቆዳ ነው። ውኃ ውስጥ ቀናት ይዘፈዘፋል፣ እንጨት ላይ ይወጠራል፣ ጠጉሩና ስቡ ተፍቆ ይወጣለታል፣ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይጻፍበታል። ፈረንጅ በመስታወት ውስጥ ሲያየው ውብ ይመስለዋል። ቤት ውስጥ ግን ይሸታል። ትምህርት ቤት ሳለሁ ከኋላዬ የሚቀመጡት ልጆች በገባሁ ቁጥር "ፍየሏ መጣች" ይሉ ነበር። ሽታው ልብሴ ውስጥ ስለሚያድር ልክ ነበሩ፤ አንዱን ግን በደብተር ፊቱን ብዬዋለሁ።

አይጥ ብራና ይወዳል። አንድ ክረምት አይጥ የአባቴን ጥራዝ ዳር ዳሩን ከረካከመው፤ እናቴም ገጠር ካሉት ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳ ድመቷን በጆንያ ተሸክማ መጣች። ጆሮዋ በአንድ በኩል የተቀደደ፣ ግራጫ፣ ከሲታ። "ይቺ ናት ጠባቂያችን?" አልኩ። "ጥርሷን እንጂ ውበቷን ማን ጠየቀ" አለች እናቴ።

ጠባቂ ተብላ የመጣችው ከአይጡ ብሳ ተገኘች። አባቴ ቆዳ ሲፍቁ የሚወድቀውን ስብ ከምላጩ ሥር ትለቅማለች። የተወጠረው ቆዳ ላይ ወጥታ እንደ አልጋ ትተኛበታለች። በሁዳዴ ጾም የጎረቤታችንን ቅቤ ከቅሉ ውስጥ ልሳ ጨረሰችና ሴትዮዋ በራችን ላይ ቆመው ለሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ፣ "የየኔታ ቤት ድመት በሁዳዴ ቅቤ በላች፤ እኛ ምን ይውጠን" አሉ። እናቴ ምንም አልመሰላትም። "ንስሐ አባት የላትም፣ ምን ላድርጋት" አለቻቸው። ሴትዮዋ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ተመለሱ።

አባቴ ግን ይወዷት ነበር። ሲጽፉ መሬት ላይ አጎዛ አንጥፈው ይቀመጣሉ፤ አንድ ጉልበታቸው ላይ ብራናውን ያደርጋሉ፣ በሌላው እግራቸው ላይ እሷ ትተኛለች። እግራቸው እስኪደነዝዝ አይነሱም። "ተኝታለች" ይላሉ፣ ሰው ይመስል።

እኔ በዚያ ዓመት ቤት ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም። የውጭ አገር ጎብኚ ከቀረ ወዲህ ከተማው ውስጥ ሥራ የለም፤ ጓደኞቼ ግማሾቹ አገር ለቀዋል። እኔም እሄዳለሁ እያልኩ በየሳምንቱ አዲስ ከተማ እመርጥ ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። እናቴ "ምነው፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ በቀለ?" ትለኛለች። አባቴ ግን ወስፌ ሰጡኝ። ብራናው ከመጻፉ በፊት ዳርና ዳሩ በወስፌ ይወጋል፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም በወስፌው ጫፍ ይሰመራል። የጸሐፊው እጅ በዚያ መስመር ነው የሚሄደው። የእኔ ሥራ ያ ሆነ፤ ለሌላ ሰው እጅ መንገድ ማበጀት።

አባቴ ያን ጊዜ የያዙት መጽሐፍ ከኮን ወዲያ ላለች የገጠር ደብር የታዘዘ ነበር። ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። "ይህን ከጨረስኩ እጄን እሰበስባለሁ" ይሉ ነበር። ዕድሜ ነው ብለን አለፍነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥተው ሳለ ጓዳ ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ። ሮጬ ስገባ የቀለም ቀንዱ ተደፍቷል፤ ቀለሙ የሚቀመጠው እንጨት ላይ በተሰካ የበሬ ቀንድ ውስጥ ነው። ድመቷ በመስኮት ወጣች። አዲሱ የብራና ቅጠል ላይ፣ ከጽሑፉ በታች ባለው ባዶ ቦታ፣ አራት የእግር ዱካዎች ተሰልፈዋል። ጥቁር፣ ጥርት ያሉ።

አባቴ ሲመለሱ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ብራናውን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው፣ በጣም አስጠግተው፣ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሳቁ።

"ፈረመች" አሉ። "የጸሐፊ ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚገባ። እሷ ግን ቸኮለች።"

"ልፋቀው?"

"ፋቂው እንግዲህ። ለታቦት የሚሰጥ ነው።"

በምላጭ ፋቅሁት። የብራና ደጉ ነገር ይሄ ነው፣ የተሳሳተው ይፋቃል። የተፋቀበት ቦታ ትንሽ ይሻክራል እንጂ ለዐይን አይታይም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ አባቴ የጻፉትን ቅጠል ሳነሳ ከታች ሦስተኛው መስመር ወደ ሁለተኛው ወርዶ አየሁ። ፊደል በፊደል ላይ ወጥቷል። አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፏል። እኒህ ሰው በሕይወታቸው መስመር ስተው አያውቁም። ቀና ብዬ አየኋቸው። ሌላ ቅጠል ይዘው እየጻፉ ነበር። ብርዑን ቀለም ሊነክሩ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቀንዱን ሳቱት። ጎኑ ያለውን ባዶ አየር ነከሩ። አወጡና እንደገና ፈለጉ። ሦስተኛው ላይ አገኙት። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም። ይህን ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው እንዳልሆነ የገባኝ ከዚያ ነው።

"ምን ታያለሽ?" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ሰፈሩ "አፏ ምላጭ ነው" ይለኛል። የቀበሌውን ሰውዬ ፊት ለፊት ውሸታም ያልኩ ልጅ ነኝ። "አባ፣ ዐይንዎ" ማለት ግን አቃተኝ።

"ይቺ ድመት" አልኩ። "እርጥቡን ረግጣ አበላሽታዋለች።"

"አሁንም?"

"አሁንም።"

"ፋቂው።"

ፋቅሁት። የተደራረበውን ቃል ደግሞ ራሴ፣ በእሳቸው ብርዕ፣ የእሳቸውን እጅ አስመስዬ ጻፍኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲጽፉ አይቼ ነው ያደግሁት፤ አስቸጋሪ አልነበረም። ኩራትም ቢጤ ተሰማኝ። ውሸት መጀመሪያ ላይ እንደዚህ ነው፤ ውለታ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር የድመቷ ሆነ። ጠብታ ሲወድቅ ድመቷ። መስመር ሲሰምጥ ድመቷ። እሷም በበኩሏ አላገዘችኝም ማለት አልችልም፤ ሌላ ጥፋቷ ብዙ ስለሆነ ይህን ማንም አልተጠራጠረም። አባቴ ሲገስጿት አጠገባቸው ተኝታ ጅራቷን ትወዘውዛለች። "አንቺ፣ ምን በደልሁሽ?" ይሏታል። እኔ ወስፌዬን ይዤ አቀረቅራለሁ።

መጽሐፉን ያዘዘው ደብር አለቃ ከምን እንደደረሰ ሊያዩ መጡ። ረጅም፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው። ያልጠረዝነውን ቅጠል እያገላበጡ ሳለ እኔ ያላየሁት አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። ቀለም ተንጠባጥቦ ሁለት መስመር በልቶታል።

"የኔታ፣ ይኸ ምንድን ነው?"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ድመቷ ናት" አልኩ።

"ድመት?"

"ቀን በቀን ነው የምታጠፋው" አሉ አባቴ። አፍረው ነበር፤ ነጠላቸውን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ።

"እንግዲያ ቅኔ ቤት ገብታለች በሉኛ" አሉ አለቃው። ሳቅን። እሳቸው ግን ሳቃቸውን ቶሎ ጨረሱ። "እንዲያው አይክፋዎትና፣ ይኸ መጽሐፍ መቅደስ የሚገባ ነው። ድመት የሚሄድበት ሆኖ እንዴት ብዬ ለካህናቱ አቀርበዋለሁ? ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ አንቱ ሌላ ቤት ይጻፉ።"

አለቃው ከሄዱ በኋላ አባቴ አጎዛቸው ላይ ተቀመጡ። ድመቷ መጥታ እግራቸው ላይ ወጣች። አላወረዷትም።

"ውሰጃት" አሉኝ። "ደግ ሰው ቤት። እንዳትመቺያት።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አፌን ከፈትኩ ሁሉ። ከዚያ አሰብኩ፤ ድመት ናት፤ ሌባ ድመት። በዚህ በኩል ድመት፣ በዚያ በኩል የአባቴ ዐይን፣ የአባቴ ስም፣ የሦስት ዓመት መጽሐፍ። ሚዛኑ ቀላል መሰለኝ። ጆንያ አመጣሁ።

መጀመሪያ የወሰድኳት አሸተን ማርያም ሥር ካሉት ገበሬዎች ቤት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በር ስከፍት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እግሯን ትልሳለች። አባቴ ድምፅዋን ሰምተው "መጣች?" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ደስታ ሊደብቁት ሞከሩ። አለቃውን አስታውሰው መሰለኝ ቶሎ ኮስተር አሉ።

እናቴ ግን ነገሩን ታውቅበት ነበር። "ወንዝ ካልተሻገረች ድመት ትመለሳለች" አለችኝ። "ወንዝ አሻግሪና ጆንያውን ሦስቴ አዙሪው። አቅጣጫው ይጠፋባታል። እኔም ከዘመዶቼ ሳመጣት እንደዚያው ነው ያደረግኋት።"

በገበያ ቀን በሚኒባስ ወደ ፍላቂት ይዣት ሄድኩ። ጆንያው ጉልበቴ ላይ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጆሮዋን አቀናች።

"እህቴ፣ ምን ይዘሻል?"

"ዶሮ።"

ድመቷ በዚያች ደቂቃ ጮኸች። ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። "የናንተ አገር ዶሮ ጉድ ነው" አለች።

ሳቅኩ። እስከ ዛሬ ያ ሳቅ ይቆጠቁጠኛል፤ ምክንያቱም እሷ ጆንያው ውስጥ ሆና ጥፍሯን አውጥታ ቀሚሴን ይዛ ነበር። ለመቧጨር አልነበረም። እንዳትወድቅ ነበር።

ፍላቂት ብርድ ነው። ገብስ ጫንቃቸው ላይ በተሸከሙ ሰዎች መካከል አልፌ፣ ከገበያው ጫፍ ካለው የእህል መጋዘን ጀርባ ቆምኩ። እህል ካለበት አይጥ አይጠፋም፤ አትራብም አልኩ። ጆንያውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አዞርኩት። ስፈታው ወጥታ ተንገዳገደች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ወደቀች፤ ተነሳች፤ ወደ እኔ አየች። ልትመጣ ስትል ጠጠር ወረወርኩ። አልመታኋትም፤ አጠገቧ ነው የወደቀ። ሸሸች።

እዚያው መናኸሪያ ቆሜ ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና አየሁ። ልውጣ እንዴ አልኩ። ወጥቼ ብሄድ ማንም አያገኘኝም። ግን የቀረውን ቅጠል ማን ያሰምርላቸዋል? ማን ይፍቅላቸዋል? ወደ ቤት ተመለስኩ።

በአምስተኛው ቀን ውጭ ልብስ አጥብ ነበር። አባቴ ጠሩኝ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ስገባ ቀንዱ ተደፍቶ ቀለሙ ጉልበታቸው ላይ፣ አጎዛው ላይ፣ ጥራዙ ላይ ፈሷል። እጃቸው እስከ አንጓው ጥቁር ነው። ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ከጎኔ ወዳለው ግድግዳ እያዩ ነበር።

"ድመቷን የት ነው የተውሻት?"

"ፍላቂት።"

"አልተመለሰችም?"

"አልተመለሰችም።"

"ታዲያ ይህን ማን ደፋው?"

ውጭ ውኃው ከገንዳው ይንጠባጠባል።

"በሩን ዝጊና ነይ" አሉ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ የተጠናቀቁትን ቅጠሎች አምጪ አሉኝ። አመጣሁ። አንዱን አንስተው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በአመልካች ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። አርባ ዓመት ብራና የፋቀ ጣት ነው። የተፋቀው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይኸ እሷ ናት ወይስ እኔ?"

"አባ..."

"እሷ ወይስ እኔ?"

"እርስዎ።"

ሌላ ቅጠል አነሱ። ጣቱ ሄደ፣ ቆመ። "ይኸስ?"

"እርስዎ።"

"ይኸ?"

"እርስዎ። ላዩ ላይ የተጻፈው ደግሞ የእኔ እጅ ነው።"

ጣታቸው ትንሽ ቆየበት። "ጥሩ ነው" አሉ። ከዚያ ቀጠሉ። ሁሉንም ዳሰሱ። እኔ እርስዎ፣ እርስዎ፣ እርስዎ እያልኩ ተከተልኳቸው። በምላጭ የደበቅሁትን ሁሉ በጣታቸው አወጡት። መጨረሻ አካባቢ አንድ ቅጠል ላይ፣ ከታች ባዶው ቦታ ላይ፣ አራት ሻካራ ነጥቦች አገኙ።

"ይኸ?"

"እሱ እሷ ናት" አልኩ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

"ይቺን ብቻ?"

"ይቺን ብቻ።"

ጣታቸውን ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው አሻገሩ፤ መልሰው አሻገሩ። "ሂጂ አምጫት" አሉ።

መጀመሪያ ግን እናቴ ይህን ሁሉ ከበር ውጭ ሆና ሰምታ ነበርና፣ በማግስቱ በመኪና ወደ ዞኑ ከተማ ወርደን የዐይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ወጣት ሐኪም ነበር፤ አባቴን "አባቴ" እያለ በእርጋታ መረመራቸው። የዐይን ግፊት ነው አለ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን አለ። ከዚያ ያልጠየቅነውን ተናገረ። "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ።"

"ስንት ቀደም ብለን?" አልኩት።

"ምልክቱ ሲጀምር። ስድስት ወር፣ ሰባት ወር።"

የመጀመሪያውን መስመር የፋቅሁት ከሰባት ወር በፊት ነበር። አባቴ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ሰምተዋል። መንገድ ላይ ክንዳቸውን ይዤ ስመራቸው፣ "ረፍዷል፣ መኪናው እንዳያመልጠን" ብቻ ነው ያሉኝ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍላቂት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ከእህል መጋዘኑ ጀርባ "ውሮ፣ ውሮ" እያልኩ ስዞር ሰው አየኝ፤ ይየኝ። መጋዘኑን የሚጠርጉት ሴትዮ፣ "ግራጫ ድመት? እንግዲህ እዚህ ያለው ድመት ሁሉ ግራጫ ነው" አሉኝ። ጆሮዋ የተቀደደ ነው አልኳቸው። "የኔ ልጅ፣ የድመት ጆሮ ያልተቀደደ የት አለ?" አሉ። ወዲያው ግን ፊቴን አይተው መጥረጊያቸውን ጣሉና አብረውኝ ፈለጉ። ብዙ ድመት ወጣ። እሷ አልነበረችም። መንገዱን እንዳታገኝ አድርጌ ያዞርኳት እኔው ነኝ፤ ጠጠሩንም የወረወርኩት እኔው።

የደብሩ አለቃ ወሬው ደርሷቸው መጡ። አባቴ ሁሉንም ራሳቸው ነገሯቸው፤ የእኔ ጥፋት ላይ ሲደርሱ ግን "ልጅቱን አሳዘንኳት" ብለው አሳጠሩት። አለቃው የተጻፈው እንዳለ ይቆይ፣ የቀረውን ጥራዝ ሌላ ጸሐፊ ይጨርሰውና መጽሐፉ ተጠርዞ ይወሰዳል አሉ። አባቴ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ። መጨረሻው ላይ የጸሐፊው ስም ሲጻፍ የእሳቸው ስም እንዳይገባ። "የብዙ ሰው እጅ አለበት" አሉ።

አሁን ቤት ውስጥ የተወጠረ ቆዳ የለም። ሽታው ግን አለ፤ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። አባቴ አጎዛቸው ላይ በልማዳቸው ይቀመጣሉ፣ አንዱን እግር ዘርግተው። እኔ ከተማ መምረጥ ትቻለሁ። ጠብታውን ጠዋትና ማታ የማደርግላቸው እኔ ነኝ፤ የታችኛውን ሽፋን ሳብ አድርጌ አንዲት ጠብታ። ዐይናቸውን ሳይጨፍኑ ይጠብቁኛል።

ባለፈው፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ እኔ ደጃፉ ላይ ምስር እለቅማለሁ፣ እሳቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ከጓዳ፣ የተረፈው ብራና ከተጠቀለለበት አካባቢ፣ ኮሽ ኮሽ የሚል ድምፅ መጣ። አባቴ ቀና አሉ። እጃቸው ሳያስቡት የዘረጉት እግራቸው ላይ ሄዶ ቦታውን ጠረገ፣ ለምትመጣ ሰው እንደሚያመቻች።

"እሷ ናት?" አሉ።

ብራናው ሲቆረጠም ይሰማኛል። አዎ ብላቸው፣ ቢያንስ እስከ ማታ ደስ ይላቸው ነበር።

"አይደለችም አባ" አልኳቸው። "አይጥ ነው።"